ቀይ የሆነውን ሙከራ ለምን አላጠፋነውም

የሮቦት ሥራ ሲባል የሰው ዓይን የሚሄደው ወደሚንቀሳቀሰው እጅና ወደሚዞረው ጎማ ነው። እኔ በጀርመን አገር የመጋዘን ሮቦት በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ግን ከሮቦቶቹ ርቆ በሰርቨር ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነበር። የድርጅቱ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች፣ ብዙ ናቸው፤ የካሜራና የሌዘር ዳሳሽ ድራይቨሮች፣ ከዳሳሾቹ የሚመጡትን የነጥብ ክምችቶች (አካባቢውን በብዙ ነጥቦች የሚያሳየውን መረጃ) የሚያጣራው፣ የእጁን መገጣጠሚያዎች ሒሳብ የሚሠራው፣ መንገድ የሚያቅደው። እነዚህ ሁሉ የሰው እጅ ሳይነካቸው እንዲገነቡ፣ እንዲፈተኑና በፓኬጅ ታሽገው እንዲወጡ ማድረግ ነበር ሥራዬ። ይህን ከዋናው ሥራ ጎን የሚቆም አገልግሎት አድርገው የሚቆጥሩት መሐንዲሶች አሉ። በፍጹም አልስማማም።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ይህን ይመስል ነበር፤ መሐንዲሱ በኔትወርክ ወደ ሮቦቱ ኮምፒውተር ይገባል፣ አዲሱን ኮድ ጊት ከተባለው የኮድ ማከማቻ ያወርዳል፣ እዚያው ሮቦቱ ላይ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ማለትም ወደ ማሽን ትእዛዝ ይቀይረዋል። የሮቦቶቹ ኮምፒውተሮች ብዙ ኤሌክትሪክ እንዳይፈጁና እንዳይግሉ ተብለው የተመረጡ፣ የኢንቴል ሴሌሮን ፕሮሰሰር ያላቸው ትናንሽ ቦርዶች ስለነበሩ ማታ የተጀመረ ግንባታ ውጤቱ የሚታየው ጠዋት ነው። በዚህ አካሄድ ሁለት ሮቦቶች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር የሚኖራቸው በአጋጣሚ ብቻ ነበር። ደንበኛ ደውሎ «ሮቦታችሁ መደርደሪያውን ሳተው» ሲል፣ በዚያ ሮቦት ላይ የትኛው ኮድ እንዳለ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ከባድ ጭነት ይዞ በሰዎች መካከል ለሚሄድ ማሽን ይህ ሊታለፍ የሚችል ጉዳይ አይደለም።

ንድፉን ከባዶ መፍጠር አላስፈለገንም። ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌር መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በካሊፎርኒያው ዊሎው ጋራዥ እየተገነባ ሲያድግ፣ ፓኬጆቹን የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለነበሩ ሁሉንም በአንድ ደንብ የሚገነባ የጋራ ሰርቨሮች ስብስብ ማቋቋም ግድ ሆነ። ስብስቡ የሚመራው ግንባታንና ሙከራን በራሱ በሚያስኬደው ፕሮግራም በጄንኪንስ ነው። እያንዳንዱ ግንባታ የሚካሄደው በአዲስ የዶከር ኮንቴይነር (ከሌላው በተለየ ንጹሕ የሥራ አካባቢ) ውስጥ ሲሆን ሥራው ሲያልቅ ኮንቴይነሩ ይጣላል። ስክሪፕቶቹ ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ ማንም ድርጅት የራሱን መትከል ይችላል። እኛም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሜሎዲክ የተባለውን የሮስ እትም ከሊኑክስ ዓይነት ከሆነው ከኡቡንቱ 18.04 ጋር ይዘን ተከልነው።

መጀመሪያ ላይ የገጠመን ማንም እንዲህ ዓይነት ሥራ የጀመረ የሚያውቀው ነው። ላፕቶፕ ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ሲገነቡ የኖሩ ላይብረሪዎች በንጹሑ ኮንቴይነር ውስጥ ወደቁ፤ የሚያስፈልጓቸው ሌሎች ላይብረሪዎች በመግለጫ ፋይላቸው አልተመዘገቡም ነበርና። ያ አድካሚ ቢሆንም ሐቀኛ ሥራ ነው። የጎደለውን ትጽፋለህ፣ እንደገና ታስኬዳለህ፣ ውድቀትን የሚያሳየው ቀይ ምልክታቸው አንድ በአንድ አረንጓዴ ይሆናል።

አረንጓዴ አልሆን ያለው የነጥብ ክምችት ማጣሪያው ነበር። ላይብረሪው የሚቆመው የነጥብ ክምችትን በሚያቀነባብረው ላይብረሪ በፒሲኤል ላይ ነው፤ ፒሲኤል ደግሞ አይገን በተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ የሒሳብ ላይብረሪ ላይ። ግንባታው ያልቃል፣ ሙከራው ይጀምራል፣ ሒሳቡ በትክክል ይወጣል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ የያዘውን ሜሞሪ መልሶ ሲለቅ በሴግመንቴሽን ፎልት፣ ማለትም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ በመንካት፣ ይወድቃል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ያንኑ ኮድ ባልደረቦቼ በላፕቶፖቻቸው ሲያስኬዱት ያልፋል። ሮቦቱ ላይ ሲገነባም ያልፋል። የሚወድቀው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ለደንበኛ የገባችው ቀነ ገደብ ነበራት። «በሁለት ቦታ የሚሠራ ነገር በአንድ ቦታ ካልሠራ፣ ችግሩ ያለው በዚያ አንድ ቦታ ነው። ያንን ሙከራ ዝጋውና ፓኬጁ ይውጣ» አለችኝ። አነጋገሯ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ አብዛኛው የክፍላችን ሰውም ከእርሷ ጋር ነበር። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሰርቨሩን ያቆምነው ማንም ያላየውን እንዲያሳየን ነው፤ ያሳየንን የመጀመሪያውን ነገር ብንሸፍነው ከዚያ በኋላ ለሚያሳየን አረንጓዴ ምልክት ሁሉ ምን ዋጋ ይኖረዋል? በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ሙከራው እንዳለ ይቆያል፣ ውድቀቱ ግን ለጊዜው ፓኬጁን አያግድም፤ ፓኬጁም የሚጫነው በላቦራቶሪ ባለው ሮቦት ላይ ብቻ ነው፣ ወደ ደንበኛ አይሄድም።

ፓኬጁ ተጫነ። ፕሮግራሙ ገና ከመነሳቱ ሞተ። የሰጠው መልእክት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነበር፤ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደረሰው።

ስለዚህ ሁለት ስህተቶች በእጃችን ነበሩ። ሰርቨሩ ላይ ያለው በመጨረሻ ይወድቃል፣ ሮቦቱ ላይ ያለው በመጀመሪያ። መልእክታቸው አይገናኝም፣ ማሽኑም የተለያየ ነው። ምርመራው ለሁለት ሰዎች ተከፋፈለ።

የሰርቨሩን የያዘው ወጣት ባልደረባዬ ቫልግሪንድ በተባለው የሜሞሪ መመርመሪያ ፕሮግራሙን አስኬደው። ያገኘውን አንድ መስመር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ፕሮግራሙ ሜሞሪውን ሲለቅ፣ ከተሰጠው ክልል 8 ባይት ቀድሞ ያለውን ቦታ እያነበበ ነበር። ቀላል የኮድ ስህተት ቢሆን ኖሮ ከክልሉ መጨረሻ አልፎ ያነብ ነበር፤ ከፊቱ ያለውን ስምንት ባይት ሆን ብሎ የሚያነብ ኮድ ግን እዚያ አንድ ነገር አስቀምጫለሁ ብሎ የሚያምን ኮድ ነው። ማን ነው እዚያ የሚያስቀምጠው ብለን የአይገንን ኮድ ከፍተን አብረን አነበብን።

ነገሩ እዚያ ተጽፎ ነበር። አይገን ቁጥሮችን በጅምላ ለማስላት የፕሮሰሰሩን ሰፋፊ ሬጅስተሮች፣ ማለትም በውስጡ ያሉትን የቁጥር መያዣዎች፣ ይጠቀማል። ፕሮሰሰሩ የሚችለው ኤስኤስኢ የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ ብቻ ከሆነ ሬጅስተሩ 16 ባይት ነው፤ ሜሞሪውም በ16 ባይት ድንበር ላይ መጀመር አለበት። በ64 ቢት ሊኑክስ የሲስተሙ የራሱ ሜሞሪ አዳይ ይህን ስለሚያሟላ አይገን ከሲስተሙ ይቀበላል፣ ለሲስተሙ ይመልሳል። ኤቪኤክስ የተባለው አዲሱ የትእዛዝ ስብስብ ያለው ፕሮሰሰር ሲሆን ግን ሬጅስተሩ 32 ባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 3.3 እትሙ ጀምሮ አይገን ይህንንም ይጠቀማል። የሲስተሙ አዳይ 32 ባይት ድንበርን ስለማያረጋግጥ፣ አይገን ትርፍ ሜሞሪ ይወስድና ራሱ ድንበሩን አስተካክሎ እውነተኛውን መነሻ አድራሻ ከክልሉ ፊት ባለው 8 ባይት ውስጥ ይጽፋል። ሲለቅም ያንን አድራሻ አንብቦ ነው የሚመልሰው።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚወሰድ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሳይሆን ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ከኡቡንቱ የመጣው ፒሲኤል በየትኛውም 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ሆኖ፣ ያለ ኤቪኤክስ የተገነባ ነው። የእኛ ላይብረሪ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ በኤቪኤክስ ተገንብቷል። ፒሲኤል በ16ቱ ደንብ የወሰደውን ሜሞሪ የእኛ ኮድ በ32ቱ ደንብ ይለቅቃል፤ በአንድ ቁና ተሰፍሮ የመጣን እህል በሌላ ቁና እንደ መመለስ ነው። እዚያ 8 ባይት ውስጥ የነበረው አድራሻ ሳይሆን የሲስተሙ አዳይ ለራሱ የጻፈው የመጠን ቁጥር ነው። ያንን እንደ አድራሻ ወስዶ ሲመልስ ፕሮግራሙ ይሞታል።

ታዲያ ኤቪኤክስን ማን አዘዘ? ኮምፓይለሩ የተቀበለውን ትእዛዝ ሙሉውን ስናሳትመው ከመካከሉ «ማርች ኔቲቭ» የሚለው አማራጭ ወጣ። ትርጉሙ፣ አሁን ኮምፓይል የሚያደርገው ማሽን ያለውን ችሎታ ሁሉ ተጠቀም ማለት ነው። እዚህ ላይ የሮቦቱም ምሥጢር ተፈታ። ሰርቨሩ ኤቪኤክስ አለው፣ የሮቦቱ ሴሌሮን የለውም። አንዱ መስመር ሰርቨሩ ላይ ሜሞሪ ያማታል፣ ሮቦቱ ላይ የማይታወቅ ትእዛዝ ይልካል። ሁለት ሰዎች የተከፋፈሉት ስህተት አንድ ነበር።

መስመሩን ያስገቡት ከድርጅቱ መቋቋም ጀምሮ የነበሩት አንጋፋው መሐንዲሳችን ናቸው። ሄጄ ስጠይቃቸው ወዲያው አስታወሱ። ማጣሪያው በትንሹ ፕሮሰሰር ላይ ከዳሳሹ ፍጥነት ጋር መራመድ አቅቶት ነበር፤ ይህን አማራጭ ሲጨምሩ ኤስኤስኢ 4.2 ሥራ ላይ ዋለና ደረሰ። ላይብረሪው የሚገነባው ሮቦቱ ላይ ስለነበር አማራጩ ሁልጊዜ የሮቦቱን ፕሮሰሰር ነው የሚያየው፤ ሴሌሮኑም ኤቪኤክስ ስለሌለው ከፒሲኤል ጋር ተስማምቶ ኖረ። ላፕቶፖቹ ላይ ያልታየው ደግሞ አማራጩ የተጻፈው ለሪሊዝ (ለአገልግሎት ለሚወጣው) ግንባታ ብቻ ስለነበረ ነው፤ መሐንዲሶቹ በላፕቶፕ ላይ የሚገነቡት በዲበግ (ስህተት ለመፈለግ በሚሆነው) ነው። አሠራሩ እንደነበረ እስከቆየ ድረስ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር፤ ይህንንም በስብሰባው ላይ በግልጽ ተናገርኩ። የተለወጠው የግንባታው ቦታ ነው። ኮዱ የሚገነባው በሚሮጥበት ማሽን ላይ ነው የሚለው ግምት ግን በየትም አልተጻፈም ነበር።

ማስተካከያው አጭር ነበር። «ኔቲቭ» ወጣና በምትኩ ኤስኤስኢ 4.2 በስሙ ተጻፈ። የሮቦቱ ፍጥነት አልቀነሰም፣ የአይገን ድንበርም 16 ላይ ቀረ፣ ሙከራው በሰርቨሩም በሮቦቱም አለፈ። ረዘም ያለ ክርክር ያስነሳው ቀጥሎ ያቀረብኩት ሐሳብ ነው። ማንኛውም ላይብረሪ የፕሮሰሰር አማራጭ በራሱ ፋይል ውስጥ እንዳይጽፍ፣ ሁሉም ከአንድ የጋራ ፋይል እንዲወስድ ጠየቅሁ። የእጁን ሒሳብ የሚጽፉት ባልደረቦች ነፃነታቸው እንደተነካ ተሰምቷቸው ነበር። የሮቦት እጅ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ላይብረሪ ለሌላው ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) እያቀበለ ነው፤ አንዱ ብቻውን ደንቡን ቢለውጥ የሚወድቀው የእርሱ ሙከራ ላይሆን ይችላል፣ ምናልባትም የሚወድቅ ሙከራ ላይኖር ይችላል። ይህን በዚያው ስህተት ላይ እያሳየሁ ስገልጽ ተቀበሉት። አሁን በራሱ ፋይል እንዲህ ያለ አማራጭ የጻፈ ላይብረሪ ሰርቨሩ ላይ ገና ሳይገነባ ይመለሳል።

ሁለተኛው ለውጥ ሮቦቶቹ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቦርድ ገዝተን ከጄንኪንስ ጋር ማገናኘታችን ነው። ሰርቨሩ ይገነባል፣ የታሸገውን ፓኬጅ ግን ቦርዱም ጭኖ ይፈትነዋል። ቀርፋፋ ስለሆነ ወረፋው ይረዝማል፤ የሚያማርሩም አሉ። እኔ ግን ከዚያ ቦርድ ያላለፈ ፓኬጅ ወደ መጋዘን እንዲገባ አልፈቅድም። በታች ያለ ላይብረሪ ሲለወጥም በላዩ የቆሙት ሁሉ፣ ኮዳቸው ባይነካም፣ እንደገና ይገነባሉ፤ የሮስ ሰርቨሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀነ ገደቡን ለደንበኛው ራሷ ደውላ አራዘመች። ምክንያቱን ሳትደብቅ በመንገሯ አከብራታለሁ።

ወደ ኡቡንቱ 20.04 ከተሸጋገርን በኋላ ኤቪኤክስ ያላቸው ሮቦቶች መጡና ጥያቄው ተመልሶ ተነሳ፤ ማጣሪያው በእነርሱ ላይ የበለጠ ሊፈጥን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሙግት አልነበረም። ጥያቄውን ያቀረበው ያ ወጣት ባልደረባዬ ራሱ ዕቅዱን ጽፎ መጣ። ለአዲሶቹ ሮቦቶች የተለየ የፓኬጅ ማከማቻ ይከፈታል፤ አይገንን የሚጠቀም ማንኛውም ነገር፣ ከኡቡንቱ እንወስደው የነበረው ፒሲኤል ጭምር፣ በእኛው ሰርቨር በአንድ አማራጭ እንደገና ይገነባል፤ ከአዲሶቹ ቦርዶችም አንዱ ከጄንኪንስ ጋር ይገናኛል። ሰርቨሩ የሚሸከመው ሥራ በእጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ተጨማሪ ማሽን ጠየቅን፤ ተፈቀደልን።