በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝኛ ለማስተማር

"ውጭ ሄጄ እንግሊዝኛ ማስተማር እችላለሁ ወይ" የሚል ጥያቄ በቴሌግራም ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌው ሊንኩን እየላኩ ልገላገል ብዬ ነው። ይቻላል፣ እኔ ራሴ ቬትናም ሀኖይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ግን ያው መጀመሪያ የሚታየው ፓስፖርታችሁ ነው፣ እንግሊዝኛችሁ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አገር ስትመርጡ ደሞዙን አይታችሁ ሳይሆን የቪዛ ህጉን አይታችሁ ምረጡ።

ኮሪያን ቶሎ እንጨርሳት፣ ምክንያቱም ጠያቂዎቼ ግማሾቹ ኮሪያ ነው የሚሉት። የኮሪያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛ ኢ-2 ይባላል፣ የሚሰጠውም ለሰባት አገር ዜጎች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድ እና ደቡብ አፍሪካ። ከልጅነቱ በእንግሊዝኛ የተማረው ጋናዊ የለበትም፣ ናይጄሪያዊው የለበትም፣ ኬንያዊው የለበትም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንግሊዝኛን ቤቱ የሚያወራው ሰው ከአስር አንድ እንኳ አይሞላም እኮ፣ ግን ሊስቱ ላይ አለች፣ በቃ። (ደቡብ አፍሪካውያን ባልደረቦቼ ይሄን ስነግራቸው እነሱም ይስቃሉ።) በዲቪ ሄዶ አሜሪካ ኮሌጅ ጨርሶ ዜግነት የወሰደ ያገራችን ልጅ ግን በር ይከፈትለታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ቢሮ ከፍቶ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የኮሪያ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ቪዛ አስጨርሳለሁ የሚላችሁ ደላላ ካለ ቀብድ ሳትሰጡ ተነሱና ውጡ።

ቻይናም ያው ነው፣ የቋንቋ አስተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ነው ማስተማር ያለበት የሚል ህግ አላቸው። እዚያ በስኮላርሺፕ የተማሩ ልጆቻችን በተማሪ ቪዛ ማታ ማታ መዋዕለ ህጻናት እየገቡ ያስተምሩ ነበር፣ ያለ ስራ ፈቃድ ስለሆነ ሲያዙ ቅጣትም መባረርም አለው፣ አልመክርም። ሂሳብ ወይ ሳይንስ በእንግሊዝኛ የምታስተምሩ ከሆነ ግን የቻይና መንገድ ሌላ ነው፣ እሱን ፈትሹት።

ጃፓን ትንሽ ዘርዘር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ለማስተማር የሚሰጠው ቪዛ 12 አመት በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ነው የሚፈልገው። እስኪ የኛን አስሉት፤ የመንግስት ትምህርት ቤት ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚማረው በብዙ ክልል ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፣ እስከ 12ኛ አራት አመት፣ ዩኒቨርሲቲ አራት ጨምሩበት ስምንት። አልደረሰም። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ግን ከየትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ ከቻለ ይደርሳል። ለማታና ለቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ቪዛ ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ በዋናነት ዲግሪ ነው የሚጠይቀው፣ ግን ቀጣሪው ለምን አንተን እንደመረጠ ማስረዳት ስላለበት ብዙዎቹ አይደክሙም፣ ከሰባቱ አገር አንዱን ይቀጥሩና ይገላገላሉ።

እና ወደኛ ስንመጣ የቀረን ታይላንድና ቬትናም ናቸው። ታይላንድ ዲግሪ ትፈልጋለች፣ ኔቲቭ ላልሆነ (እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ) ሰው ደግሞ የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ ብዙ ጊዜ ቶይክ 600 ነው የሚሉት፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እዚያ ያለውን ስራ ፊሊፒኖዎች ሞልተውታል፣ ጎበዞች ናቸው፣ በዝቅተኛ ደሞዝም ይገባሉ፣ ውድድሩ ከነሱ ጋር ነው።

ቬትናም እኔ የገባሁበት ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። የቋንቋ ማዕከል ውስጥ ለማስተማር ኔቲቭ ያልሆነ ሰው ዲግሪው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሆነ የማስተማር ሰርተፍኬት ይጨምርበታል፣ ዲግሪው በሌላ ፊልድ ከሆነ፣ አካውንቲንግም ይሁን ሲቪል፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የእንግሊዝኛ ችሎታ የሲ1 ደረጃ ማስረጃ ይጨመራል፣ አይልትስ የሚባለው ፈተና ላይ 7 አካባቢ ማለት ነው። ሰርተፍኬት ስል ቴፍል ወይ ሴልታ ነው። ቴፍል ኦንላይን 120 ሰአት የሚባለው በርካሽ ይገኛል፣ ወረቀቱን ያሟላል። ሴልታ ግን እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆማችሁ እየታያችሁ ስድስት ሰአት የምታስተምሩበት ስለሆነ ኢንተርቪው ላይ ክብደት አለው፣ አቅሙ ያለው ሰው እሱን ቢያደርግ እላለሁ። የስራ ፈቃዱን የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው፣ እስከ ሁለት አመት ድረስ ይሰጣል። በቱሪስት ቪዛ ግባና እዚህ እንቀይርልሃለን የሚል ማዕከል ብዙ ነው፣ የሚቀይርም አለ የማይቀይርም አለ፣ ካልቀየረ ህገወጥ ሰራተኛ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወረቀቱ። እውነቱን ለመናገር ከፈተናውም ከኢንተርቪውም በላይ ሰው የሚያደክመው ይሄ ነው፣ ደግሞ ሁሉም ከአገር ሳትወጡ ማለቅ አለበት፣ እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ከሆነ ወንድም ወይ እህት በውክልና ታሯሯጣላችሁ።

ከዲግሪው ጀምሩ። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ካልጨረሰ ኦሪጅናሉን አይሰጡትም፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዞ ነው የሚዞረው፣ በቴምፖ ደግሞ የውጭ አገር የስራ ፈቃድ የለም። አስተማሪ የነበራችሁ በአገልግሎት ስለምትከፍሉ ካስተማራችሁበት መስሪያ ቤት የአገልግሎት ደብዳቤ አስቀድማችሁ ያዙ። ኦሪጅናሉ ከተገኘ በኋላ ትክክለኛነቱ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ኢትዮጵያን የሚመለከተው የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ። እያንዳንዱ ማህተም የፊተኛውን ማህተም ነው የሚያረጋግጠው፣ ስለዚህ አንዱን መዝለል አይቻልም።

እኔ አንዱ መስኮት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሴትየዋ ዲግሪዬን ተቀበሉኝና ወደ ስክሪናቸው አየት፣ ወደ ወረቀቱ አየት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እንደገና አየት አደረጉና "የኔ ልጅ፣ የኚህ ሬጅስትራር ፊርማ እኛ ጋ የለም" አሉኝ። "እትዬ ማህተሙ እኮ አለ" ብላቸው "ማህተሙማ አለ፣ ፊርማው ነው የሌለው፣ ናሙናውን ያስልኩልን" ብለው መለሱልኝ። ለካ ሬጅስትራሩ ተቀይሮ የአዲሱ ሰውዬ የፊርማ ናሙና አልተላከም። ዩኒቨርሲቲው ክፍለ ሀገር ነው፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ አስጻፍኩ። እናንተ ገና ከዩኒቨርሲቲው ሳትወጡ "የፈራሚው ናሙና አዲስ አበባ ተልኳል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም ሰው ይሄን አይነግራችሁም።

ስምም አለ። የአባቴ ስም ዲግሪዬ ላይ በአንድ ኤስ፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። ለኛ ምንም አይደለም፣ ለውጭ ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። ሬጅስትራር ሁለቱም አንድ ሰው ነው የሚል ደብዳቤ ጽፎልኝ እሱም እንደዲግሪው ማህተም ሲመታበት ከረመ። ፓስፖርት ገና የምታወጡ ከሆነ በዲግሪያችሁ ስፔሊንግ አውጡት፣ ሌላ አትፍጠሩ።

ከወንጀል ነጻ ከፌዴራል ፖሊስ አሻራ ሰጥታችሁ ነው የምታወጡት፣ ይሄን ግን መጨረሻ ላይ አውጡ፣ ስድስት ወር ካለፈው ቬትናም አይቀበሉትም። አይልትስም ሁለት አመት ነው እድሜው። ዲግሪ አያረጅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሰርተፍኬትና ፈተና፣ ስራ ሲገኝ ፖሊስ። ሰው ግን ቀላሉን ልጨርስ ይልና ፖሊሱን ቀድሞ አውጥቶ ዲግሪው ውጭ ጉዳይ ሳይደርስ ያልፍበታል።

ደሞዝ ላይ ደግሞ አትደናገጡ፣ ማስታወቂያው ራሱ ለኔቲቭ ይሄን ያህል፣ ላልሆነ ይሄን ያህል ብሎ ለይቶ ነው የሚወጣው፣ ማንም አያፍርበትም። ሲቪ ሳይሆን ፎቶ ቅድሚያ የሚጠይቁም አሉ፣ ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዱ ማዕከል ማናጀሯ ወላጆች ከጠየቁህ ካናዳ ነኝ በላቸው አለችኝ። አላልኩም። ወላጅ ጠይቆኝ ኢትዮጵያ ስለው "ቡና!" ብሎ እጄን ጨብጦኛል፣ እነሱም የቡና አገር ናቸዋ። ዋሽቶ መስራት ከጀመራችሁ ፓስፖርታችሁን ያየ የቢሮ ሰራተኛ ሁሉ እንደፈለገ ያዛችኋል።

የመጨረሻው ነገር ከባድ ነው ግን ሳልጽፈው አላልፍም። ታይላንድ ስራ አለ፣ እንግሊዝኛ መቻል ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ፣ ትኬቱን እኛ ነን የምንችለው የሚል መልእክት ከመጣላችሁ ስራው የት ከተማ እንደሆነ ጠይቁ። ባንኮክ ካረፉ በኋላ በመኪና ወደ ድንበር ተነድተው ሚያንማር ሚያዋዲ አካባቢ ካሉት የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች የገቡ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ እኤአ ፌብሩዋሪ 2025 ከዚያ ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እውነተኛ ትምህርት ቤት ዲግሪያችሁን ይጠይቃል፣ ዙም ላይ ዴሞ ያስተምራችኋል፣ ማህተሙ አለቀ ወይ እያለ ይነዘንዛችኋል። ወረቀት ሳይጠይቅ ትኬት የሚቆርጥላችሁ ሰው አስተማሪ እየፈለገ አይደለም።

ኮስት ሼሪንግ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ቴሌግራም ላይ ጻፉልኝ፣ ኮሪያን ግን አትጠይቁኝ።