ቫልቭ ነው ተብሎ ዕጢ ሲሆን

ጅማ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ወጣት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በአገራችን በጣም ስለበዛ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ግን ማይክሶማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢም ያንኑ መስሎ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው በግራ የላይኛው የልብ ክፍል፣ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ በግንድ ተንጠልጥሎ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ወደ ሚትራል ቫልቭ (በግራ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) እየወረደ መተላለፊያውን ስለሚዘጋ፣ በማዳመጫ ሲሰማ ቁርጥ የቫልቭ ጥበት ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳይነሳ፣ ሩማቲክ ነው ተብሎ በየወሩ ፔኒሲሊን እየተወጉ መኖር ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ የሚለዋወጥ የትንፋሽ ማጠርና ራስ መሳት ያጠራጥራል። ለወራት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የደም ማነስም አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ ቲቢ ነው ይባላል። ከዕጢው የተገነጠለ ቁራሽ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ የሚያመጣበት ጊዜም አለ።

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ራጅ አይለዩትም። በደረት ላይ የሚሠራው ኢኮ ግን ጾም አይፈልግም፣ አያምም፤ በግራ ጎን ተኝቶ ጄል መቀባት ብቻ ነው። ባለሙያው የሚያየው ግንዱ የት እንደተያያዘ፣ መጠኑንና ቫልቩ ራሱ መወፈሩን ነው። በኢኮ ላይ ዕጢ ሊመስል የሚችለው የረጋ ደም ግን ብዙውን ጊዜ የኋላው ግድግዳ ላይ ወይም በክፍሉ ጥግ ባለችው ኪስ ውስጥ ይገኛል፣ የልብ ምቱም የተዛባ ነው። ካልለየ በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ይታዘዛል፤ ለእሱ 6 ሰዓት ያህል መጾም ያስፈልጋል።

በእንክብል የሚሟሟ ማይክሶማ የለም፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪንም አያጠፋውም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ከታወቀ በኋላም ባይዘገይ ይሻላል። ደረት ተከፍቶ፣ የልብና የሳንባ ማሽን ሥራውን ተረክቦ፣ ልብ እንዲቆም ይደረጋል። ዕጢው ጄሊ መሰል ስለሆነ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ ቀዳጁ አኦርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር) ሳይቆልፍ ልብን አይነካካም። ግንዱ ከነሥሩ፣ ከግድግዳው ጥቂት ጨምሮ ይቆረጣል፣ ቀዳዳው ከልብ ከረጢት በተወሰደ ቁራጭ ይጠገናል። ሥሩ ከቀረ ሊመለስ ይችላል። በቤተሰብ የሚወረሰው ዓይነት ይበልጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ኢኮ ማየት ይገባል፣ ወንድምና እህትም ቢታዩ ጥሩ ነው።

ሕፃናት ላይ የሚበዛው የልብ ዕጢ ግን ራብዶማዮማ የሚባለው የጡንቻ ዕጢ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀንሳል፣ ደም ካልዘጋ ወይም ምት ካላዛባ ለቢላዋ አይቸኮልም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመጓዝዎ በፊት የኢኮውን ቪዲዮ በፍላሽ ይጠይቁ፤ ወረቀቱ ብቻ የዕጢውን እንቅስቃሴ አያሳይም።