አርማልኮላይት ያለበት አገር፦ የኖርድሊንገን ጉዞዬ

ዶናውቨርት ላይ ባቡር ጥሎኝ ሄደ። ከሙኒክ የተሳፈርኩበት ዘግይቶ ስለደረሰ ቀጣዩ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል መቆም ነበረብኝ። ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ብቻ ይቀያየራል። 3 ዩሮ ከ90 የከፈልኩበት ቡናም ውሃ ውሃ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። የተነገረ ሰዓት መከበር አለበት ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

የምሄደው ድንጋይ ለማየት ነው። አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ስማር አንድ መምህራችን ስለ ጨረቃ ዐለቶች ሲያስተምሩን የጠሩት ማዕድን ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም፤ አርማልኮላይት። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ከጨረቃ ይዞት በተመለሰው 21 ኪሎ ተኩል ገደማ ድንጋይና አፈር ውስጥ ነው የተገኘው። የማግኒዚየም፣ የብረትና የቲታኒየም ኦክሳይድ ሲሆን ከክብደቱ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ቲታኒየም ነው። ስሙ ከጉዞው ሦስት ጠፈርተኞች፣ ከአርምስትሮንግ፣ ከኦልድሪንና ከኮሊንስ ስሞች መጀመሪያ ተገጣጥሞ ወጣለት። ኮሊንስ ጨረቃን አልረገጠም፤ ሁለቱ ሲወርዱ እሱ ከላይ እየዞረ ይጠብቃቸው ነበር። ስሙን ከሁለቱ እኩል ማዕድኑ ላይ ማኖራቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አሁን የምሠራው በሆስፒታል ላብራቶሪ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር የማየው ደም እንጂ ድንጋይ አይደለም። ማዕድኑ ግን ከጨረቃ ቀጥሎ ምድር ላይም ተገኝቷል። በግሪንላንድ ዲስኮ ደሴት፣ በደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ማውጫዎች፣ በስፔን፣ በሞንታናና በቴክሳስ፣ በዚምባብዌም ተመዝግቧል። ለእኔ የሚቀርበው ኖርድሊንገን ከተማ ያለችበት፣ በጀርመን ባቫሪያ የሚገኘው ሪስ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ማደር ፈለግኩ።

ከዶናውቨርት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ላይ እርሻና መንደር እንጂ ሌላ የሚነገር ነገር የለም።

ኖርድሊንገን ስደርስ ሳላስበው ልቤ ሞቀ። ያደግኩት ሐረር ነው፤ ከተማ በግንብ ተከቦ ማየት ለእኔ የቤቴ ነገር ነው። የኖርድሊንገን ግንብ እንደ ጀጎል አምስት በሮች አሉት፤ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የቆመ ስለሆነ ከላይ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ ከተማውን መዞር ይቻላል። ዞርኩት። ከበር ወደ በር ስሄድ የጎደለኝ ሰው ነው። ጀጎል ውስጥ በር ማለት ገበያ ነው፤ ጫት፣ ከሰል፣ ሎሚ፣ ሰላምታ፣ ጭቅጭቅ። እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የጫማዬን ኮቴ ብቻ ነው የምሰማው። ጀርመን ስንት ዓመት ኖሬ ይህን ዝምታ አልወደድኩትም።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ዘበኛው ተጣራ፤ «ዞ ግዜል ዞ!» ይህ ጥሪ ከጥንት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል። አደባባዩ ላይ ቆሜ ሁለቱን ሰማሁ። ድምፁ ረጅም ነው፤ በጣሪያዎቹ ላይ አልፎ ይሄዳል። ሦስተኛውን ከአልጋዬ ሆኜ ለመስማት መስኮት ከፍቼ ጋደም አልኩ። አልሆነም። ያረፍኩበት ቤት ምድር ቤቱን ለሠርግ አከራይቶ ኖሯል፤ ሲያስመዘግቡኝ ግን ያሉኝ ነገር የለም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወለሉ ከሙዚቃው ጋር ተንቀጠቀጠ። ለዚያች ክፍል 74 ዩሮ ከፍያለሁ። ጠዋት ለባለቤቷ ስነግራቸው «ሠርግ እኮ ነው፤ ምን ላድርግ ብለው ነው?» አሉኝ። ቀድሞ መናገር ይቻል ነበር፤ እሱን ነው ያልኳቸው።

ዳንኤል የሚባለው ማማ 350 ደረጃ አለው። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ጫፍ ስደርስ የተመኘሁትን አየሁ። ከተማዋ ክብ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ጠፍጣፋ እርሻ ይዘረጋና በስተመጨረሻ ኮረብታዎች ዙሪያውን ይከቡታል። ያ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ነው። ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሰማይ ዐለት ወድቆ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ይህን ሜዳ ቆፈረው። የተደገፍኩበት የማማው ግድግዳ ራሱ የዚያን ቀን ድንጋይ ነው፤ ሱዌቪት ይባላል። የቀለጠ፣ የተሰባበረና የተፈጨ ዐለት አብሮ የጠጠረበት ግራጫ ድንጋይ ነው። የከተማዋ ሰዎች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ለዘመናት ቤተ ክርስቲያን ሠርተውበታል። ብዙ ጂኦሎጂስቶችም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጂኦሎጂስቶቹ ዩጂን ሹሜከርና ኤድዋርድ ቻዎ ኳርትዝ እጅግ ከባድ ግፊት ሲያርፍበት የሚለወጥበትን ኮኤሳይት በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ካገኙ በኋላ ክርክሩ አበቃ፤ እሳተ ገሞራ ያን ያህል ግፊት የለውምና።

በሪስ ክሬተር ሙዚየም አፖሎ 16 ያመጣው እውነተኛ የጨረቃ ድንጋይ አለ። መስታወት ውስጥ ነው። ሌላው ጎብኚ አይቶ ያልፋል፤ እኔ ተነቅዬ መሄድ አልቻልኩም። ግራጫ ነው፤ ፊቱ ሸካራ። አርማልኮላይት አፖሎ 16 ካመጣቸው ዐለቶችም ውስጥ ተለይቷል፤ በዓይን ግን አይታይም። ቅንጣቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለማየት ድንጋዩን ቆርጦ፣ ፊቱን አለስልሶ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ብርሃን ማንጸባረቅ ያስፈልጋል፤ ያኔ ግራጫ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀጭን ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ኢልሜናይት የሚባል ሌላ የብረትና የቲታኒየም ማዕድን ከቦት ይገኛል።

የኢልሜናይቱ ክብ የማዕድኑን ጠባይ ይናገራል። አርማልኮላይት የሚፈጠረው ሙቀቱ ከፍተኛ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ሲሆን ነው። ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ተበትኖ ኢልሜናይትና ሩታይል የሚባለው የቲታኒየም ኦክሳይድ ይሆናል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን መለወጫ ጊዜ አያገኝምና እንዳለ ይቀራል። እዚህ የሚገኘውም አርማልኮላይት እሳቱ ቶሎ ስለበረደ የተረፈ ነው። እንግዲህ በአንድ ቅጽበት ቀልጦ በአንድ ቅጽበት የጠጠረ አገር ላይ ቆሜያለሁ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኦቲንግ የድንጋይ ካባ ሄድኩ፤ ሹሜከር ድንጋዩን የወሰደው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ነሐሴ ላይ ደግሞ ጠፈርተኞቹ አላን ሼፐርድ፣ ኤድጋር ሚቼል፣ ዩጂን ሰርናንና ጆ ኤንግል እዚህ ሪስ መጥተው ከሰማይ የወደቀ ነገር የሰባበረውን ዐለት መለየት ተምረዋል። ሰርናን እ.ኤ.አ. በ1972 ታኅሣሥ በአፖሎ 17 ጨረቃ ላይ ወርዶ ከሃሪሰን ሽሚት ጋር የሰበሰበው ባዛልት፣ ማለትም ከላቫ የጠጠረ ጥቁር ዐለት፣ ቲታኒየም የሞላበት ነው፤ አርማልኮላይት በብዛት ከተገኘባቸው ዐለቶች አንዱም እሱ ነው።

የወሰደኝ ታክሲ በ40 ዩሮ ተስማምቶ ሲያደርሰኝ 55 አስከፈለኝ። ባዶ ስለምመለስ ነው አለኝ። ይህን ከመነሳታችን በፊት አልነገረኝም። ተከራከርኩ፤ ቁም ነገር ያለው መልስ ስላላገኘሁ ደረሰኝ ተቀብዬ ወረድኩ።

ካባው ዛሬ አይሠራበትም፤ ሣር ወርሶታል፤ ግድግዳው ግን እንደ ተቆረጠ ዳቦ ውስጡን ያሳያል። አንድ አዛውንት በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እየረጩ ድንጋዩን ይመረምሩ ነበር። ሰላም ብያቸው የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማማ ሲጠግኑ የሱዌቪት ጥርብ አስገብተዋል። «ቅረቡ፣ ይህን ይዩ» ብለው ውሃውን ረጩና የእጅ ሌንሳቸውን አቀበሉኝ። ግራጫው ውስጥ ጥቋቁር የመስታወት ቁራጮች አሉ፤ የአካባቢው ሰው ፍሌድሌ ይላቸዋል። ቀልጠው ወደ ሰማይ ተወርውረው እየተጣመሙ የወደቁ ጠብታዎች ናቸው። አንዱ የጣቴን ያህል ይረዝማል፤ ጫፉ ተጠምዝዟል፤ ውስጡ በአየር አረፋ ተበሳስቷል፤ አረፋዎቹም ወደ አንድ ወገን ተለጥጠዋል። ውሃው ሲደርቅ ይጠፋል፤ እሳቸው እንደገና ይረጩታል።

አርማልኮላይት የት እንዳለ ስጠይቃቸው «እሱ የማይክሮስኮፕ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኔ የማውቀው የትኛው ጥርብ ውርጭ እንደሚችል ነው» አሉ። ከዚያ በመኪናቸው እስከ ኖርድሊንገን አደረሱኝ። የነዳጅ ልስጥ ብል በፍጹም አሉኝ።

መንገድ ላይ «እናንተ አገር ቲታኒየም ያለው ዐለት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ካለበሰው ባዛልት ውስጥ በላሊበላ በኩል ያለው ቲታኒየም የበዛበት ነው። ወፍራሙ የላቫ ንጣፍ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛልና አርማልኮላይት ቢፈጠርበት እንኳ ወደ ኢልሜናይት ይለወጣል። ስስ ሆኖ የፈሰሰው፣ አየር ወይም ውሃ ነክቶት ወዲያው የጠጠረው ጠርዝ ግን ሌላ ነው። እኔ ፈልጊ ብባል የምጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው አልኳቸው።