አንድ ሳጥን፣ ሁለት መሣሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ተደወለልኝ። «ልጄ፣ የእንግዶቹ ኢንተርኔት እምቢ ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኧረ ድረስልኝ» አሉኝ የማረፊያው ባለቤት። ስደርስ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሊሄዱ የተዘጋጁ እንግዶች ግቢውን ሞልተውታል።

እቃው ያገለገለ ሲስኮ 2811 ራውተር ነው። ባለ16 ፖርት የስዊች ሞጁል (ብዙ ገመዶችን የሚያገናኝ ተሰኪ ክፍል) ተሰክቶበታል። ቢሮው በቪላን 10፣ ክፍሎቹ በቪላን 20 ናቸው፤ ቪላን ማለት በአንድ ዕቃ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ ነው። ከእኔ በፊት የነካው ባለሙያ የቪላኖቹን ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጡበትን በር) ከራውተሩ ወደ ስዊቹ ማዛወር ጀምሮ ሳይጨርስ ትቶታል።

መጀመሪያ ከራውተሩ 8.8.8.8ን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻን፣ ፒንግ አደረግኩ፤ «አለህ ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ይመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት አቃጠልኩ። መስመሩ ደህና ነው ብዬ የዋይፋይ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ ቆየሁ። ግን ራውተሩ ዝም ብሎ ፒንግ ሲያደርግ የሚጠቀመው በኢንተርኔቱ በኩል ያለውን የራሱን አድራሻ ነው። ስለዚህ ያ ፒንግ ስለ ክፍሎቹ ምንም አልነገረኝም።

ከዚያ ላፕቶፔን ቪላን 20 ላይ ሰካሁ። ጌትዌዩ 192.168.20.1 ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ጸጥ። ጌትዌዩ ያለው ስዊቹ ውስጥ ስለሆነ ችግሩ ከስዊቹ ወደ ራውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ይሄ ሞጁል የራውተሩ ተጨማሪ ፖርት ብቻ አይደለም። የራሱ አይኦኤስ (የሲስኮ ሶፍትዌር) እና የራሱ ኮንፊግ (የተጻፈለት መመሪያ) ያለው ሙሉ ስዊች ነው። ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው አንድ የውስጥ ጊጋቢት መስመር ነው። በራውተሩ በኩል 1/0፣ በስዊቹ በኩል 1/0/2 ይባላል። ገመዱ በዓይን ስለማይታይ ይረሳል። እኔ ግን ሁለት ዕቃ በአንድ ገመድ እንደተገናኙ አድርጌ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ።

በራውተሩ የ«ሰርቪስ ሞጁል ሴሽን» ትእዛዝ ወደ ስዊቹ ገባሁ። የውስጡ መስመር ጤነኛ ነው፤ 10.1.1.1 እና 10.1.1.2 ይነጋገራሉ። «ሾው አይፒ ራውት» ስል ግን የመንገድ ሠንጠረዥ አልመጣም። «ዲፎልት ጌትዌይ ኢዝ ኖት ሴት» የሚል መጣ። ይሄ ስዊቹ ራውቲንግ (ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ የማሻገር ሥራ) እንዳልተከፈተለት የሚያሳብቅ ምልክት ነው። «አይፒ ራውቲንግ» ብዬ ከፈትኩለት፤ የማያውቀውን ሁሉ ወደ 10.1.1.1 እንዲልክም ነገርኩት።

አሁንም እምቢ አለ። ራውተሩ ደግሞ በተራው የሁለቱ ቪላኖች ኔትወርክ የት እንዳለ አያውቅም። ለሁለቱም የመመለሻ መንገድ በ10.1.1.2 በኩል ጻፍኩለት። ቢሮው ወዲያው ሠራ። ክፍሎቹ አልሠሩም! ናት የውስጥ አድራሻዎችን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚቀይረው ነው፤ የእሱን አክሰስ ሊስት (የተፈቀደላቸውን ዝርዝር) ሳይ የቢሮው ኔትወርክ ብቻ ተፈቅዷል። አንድ መስመር ጨመርኩ። እንግዶቹ ዋይፋይ አገኙ፤ እኔም ራውተሩ ላይ «ራይት» ብዬ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ።

ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ስልኬ ጮኸ። ያው ችግር፣ አንድም ሳይጎድል።

ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው። ራውተሩ ላይ ሴቭ ማድረግ የስዊቹን ኮንፊግ አይጨምርም። ራውተሩ የተሰጠውን ይዞ ተነሣ፤ ስዊቹ ግን የቀደመውን ኮንፊግ ይዞ፣ ያለ ራውቲንግ ተነሣ። ይህን አውቀው ነበር፤ ግን አንድ ሳጥን ሳይ እጄ አንድ ጊዜ ብቻ ሴቭ አደረገ። እሑድ በማለዳ ተመልሼ ስዊቹ ላይ የጠፉትን ሁለት ትእዛዞች፣ ራውቲንጉንና ወደ 10.1.1.1 የሚልከውን፣ እንደገና ጻፍኩ፤ እዚያው ስዊቹ ላይ ሴቭ አደረግኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ ተጭኜ፣ ከዚያ ኤክስ ብዬ ወደ ራውተሩ ተመለስኩ፤ እዚያም ደገምኩት።

የማረፊያውን ባለቤት ፈቃድ ጠይቄ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት። «ኧረ ልጄ፣ ደግሞ ሊበላሽ?» አሉ። መልሼ ሰካሁት። ሁለቱ እስኪነሡ ቡና ቀረበልን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ላፕቶፔ ከቪላን 20 ሆኖ 8.8.8.8ን አገኘ።

አሁን ሳጥኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፦ «ሁለት ጊዜ ሴቭ ይደረግ፤ ራውተሩም፣ ስዊቹም።»