ባዶውን የሄደው ፍላሽ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ከሰርቨሩ ላይ የወሩን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በፍላሽ ገልብጬ ሌላው ቢሮ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ሰርቨሩ የሚሠራው እንደ ዊንዶውስ ባለ ሌላ ሥርዓት፣ በሊኑክስ ነው፤ ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ፣ ሌላ ምንም የለውም።

ፍላሹን ሰካሁ። መብራቱ በራ፣ የተከፈተ ነገር ግን የለም። እንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ አይከፈትም። አንድ ፎልደር ላይ «ማውንት» መደረግ፣ ማለትም ይዘቱ በዚያ ፎልደር በኩል እንዲታይ መያያዝ አለበት። ይህን አውቃለሁ። «ፍላሽ» የሚል ፎልደር ፈጠርኩ። ልክ እዚህ ላይ ስልኬ ጮኸ።

አውርቼ ስመለስ ፎልደሩ ተፈጥሯል፤ ቀጥታ ኮፒ አደረግሁ። ወዲያው አለቀ። ለዚያ ቀርፋፋ ፍላሽ መቼም አይሆንም፤ መጠርጠር ነበረብኝ። ፎልደሩን ሳየው ፋይሎቹ በሙሉ አሉ። ነቅዬ ሄድኩ።

እዚያ ያለችው ባልደረባችን ፍላሹን ከፈተችና ቀና ብላ አየችኝ። «ምኑን ነው ያመጣኸው?»

እየበረርኩ ተመለስኩ። ሰካሁ፣ አሁን ማውንት አደረግሁ። ፎልደሩ ባዶ! ቅድም በዓይኔ ያየሁት ፋይል የለም። ላብ አጠመቀኝ፤ ሲኒየሩን ጠራሁት።

«እስቲ አንማውንት አድርገው» አለኝ፤ ፍላሹን ከፎልደሩ አላቀው ማለቱ ነው። እምቢ አለ፤ ፍላሹ ሥራ ላይ ነው ይላል። ለካ እኔው ራሴ ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። ወጥቼ ደገምኩት። ፋይሎቹ ብቅ አሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማውንት ያልተደረገበት ፎልደር ተራ ፎልደር ነው፤ የገለበጥኩት እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ነበር። በኋላ ፍላሹን ማውንት ሳደርግ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ላዩ ላይ ተነጠፈና ሸፈናቸው።

ሲኒየሩ እንደገና ማውንት አስደረገኝና «ኤልኤስቢኤልኬ» (lsblk) የምትለዋን፣ የትኛው ዲስክ የት ማውንት እንደተደረገ የምታሳየውን ትእዛዝ አስጻፈኝ። «ኤስዲቢ1» (sdb1) ከሚለው የፍላሹ መስመር ጫፍ ላይ የፎልደሬ ስም ወጣ። «ይሄን ሳታይ ኮፒ የለም» አለኝ።

ኮፒው አልቆ ልነቅል እጄን ስዘረጋ «ተው!» ብሎ ያዘኝ። ለካ ገና ከራም፣ ከማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ወደ ፍላሹ እየተጻፈ ነው። አንማውንት ብለን ጠበቅን፣ ጠበቅን። የፍላሹ መብራት መርገብገቧን ስታቆም ነው የለቀቀኝ።

ሰርቨሩ ላይ የቀረውን የመጀመሪያውን ኮፒ ማጥፋት ግን ሁለታችንም ረሳን። ትዝ ያለን በሳምንቱ፣ ዲስኩ ሞላ ብሎ ሲጮህብን ነው።