ስክሮል ሶው መማር የምትፈልጉ፣ ከእንጨቱ በፊት የኤሌክትሪኩን ነገር አጣሩ

ፒያሳ ላደግን ሰዎች የአሮጌ ቤቶች ትዝታ በረንዳቸው ላይ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቅጠልና ልብ እየመሰለ የተፈለፈለው የእንጨት ጥልፍ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ጥላውን ግድግዳው ላይ እንደ ጥለት ይዘረጋው ነበር። አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ በነበረችበት ዘመን የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው እነዚያ ቤቶች ዛሬ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። የአያቴ ቤት በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከፍርስራሹ ያተረፍኩት አንድ ክንድ ያህል የሚረዝም የጥልፍ ሰሌዳና አራት የጽድ ጣውላዎች ብቻ ነው። ሰሌዳው አንድ፣ እኛ ግን አምስት ወንድምና እህት በመሆናችን፣ ለአራቱ ቅጂውን በዚያው በቤቱ እንጨት በገዛ እጄ ሠርቼ ልሰጣቸው ቆረጥኩ። አናጢ አይደለሁም፤ ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ስክሮል ሶው የሚባለውንም መጋዝ ከዚያ በፊት በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ይህን የምጽፈው ከአራቱ ጣውላዎች አንዱን እንዴት እንዳጠፋሁት ለመናገር ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ጣውላ ዛሬም ይኖረኝ ነበር።

ለማያውቀው ሰው፣ ስክሮል ሶው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝምና እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ቀጭን ላማ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ ነው። መጋዙ ካለበት አይነቃነቅም፤ በሁለት እጅ እየተገፋና እየዞረ በሥዕሉ መስመር ላይ የሚሄደው እንጨቱ ነው። ጠርዙን ሳይነኩ መካከሉን ለመፈልፈል ሲፈለግ እንጨቱ በቅድሚያ በፑንታ ይበሳል፤ ላማው ከላይ በኩል ተፈትቶ በቀዳዳው ይሾልካል፤ ተመልሶ ይወጠርና መቁረጡ ይጀመራል። በአያቴ ሰሌዳ ጀርባ የዚያ ቀዳዳ ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። እያንዳንዱ ልብ፣ ሁለቱ ቅስቶች ከሚገናኙበት ጠባብ ማዕዘን አጠገብ፣ ግማሽ ክብ የሆነች ጠባሳ አለችው። ስሙን የማላውቀው ያ ባለሙያ መግቢያውን ከታች የሚያይ ሰው ዓይን በማያርፍበት ቦታ እንደ መረጠው የገባኝ ጠባሳዋን በጣቴ ደጋግሜ ከዳሰስኩ በኋላ ነው፤ ከማንም መምህር ያላገኘሁት የመጀመሪያው ትምህርቴም ይህ ሆነ።

ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ከላማው እስከ ኋለኛው ክንድ 16 ኢንች ክፍተት ያለው፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚሠራ መጋዝ ይዞልኝ መጣ። ቀረጡ ተከፈለ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ተሠራለት፣ በብሎን ታሰረ፣ የጥልፉ ሥዕል በወረቀት ተነሣ። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ነገር የተበላሸው ስፒናውን ሶኬት ላይ ስሰካ ነው። በሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ትንሽ የብረት ጽሑፍ ላይ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ የሚል ተጽፏል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች አንብቤአለሁ፤ አላየሁም ብዬ ማመካኘት አልችልም። ቮልቱ አስፈራኝ፤ ኸርዙን ግን የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩት። መርካቶ ሄጄ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ባለ 500 ዋት ትራንስፎርመር ስገዛ ሻጩን፣ «60 ኸርዝ ይላል፤ ችግር ያመጣ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፤ ስንቱ ከአሜሪካ ያመጣውን ፍሪጅ በዚህ ነው የሚያሠራው» አለኝ። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሻጩ መልስ አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀው መሸጥን ነው። የሚያንገበግበኝ ጥያቄው ወደ ልቤ መጥቶ ሳለ አንድ ቀን ወስጄ የሚያውቅ ሰው አለመጠየቄ ነው።

ለሦስት ሳምንታት በፕላይውድ ላይ ተለማመድኩ። መጋዙ ይሠራል፤ ነገር ግን ድምፁ ወፍራም ጉርምርምታ ነበረው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ሞተሩ እጅ አያስነካም ነበር። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ይተወዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጄ እንደ ተፈታ ስላመንኩ የመጀመሪያውን የጽድ ጣውላ አወጣሁ። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ያ የአያቴን ጓዳ የሚያስታውሰኝ ሽታ ቤቱን ሞላው። አራት ልቦችን ያለ ስሕተት ቈረጥኩ። አምስተኛው ላይ ሞተሩ መድከም ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ማጥፋት ሲገባኝ እንጨቱን ይበልጥ ገፋሁት። ቀጭኑ ላማ ወደ ኋላ ጎበጠ፤ የላዩ መስመር ከሥዕሉ ጋር ሲሄድ የታችኛው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሸ፤ የተቈረጠው ጠርዝ ጠቈረ፤ ሁለቱን ልቦች የሚያገናኘው ቀጭን ድልድይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀና ስል ከሞተሩ ጢስ እየወጣ ነበር። የጽድ ሽታና የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ ሽታ ተቀላቅለው ያገኙኝን ያን ሰዓት ለመርሳት ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። ሞተር ይተካል፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ግን ሌላ ምትክ የለውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ አናዳጅ ነበር። አምራቹ ድርጅት ለጻፍኩት ደብዳቤ የሰጠው ምላሽ ሁለት መስመር ሲሆን፣ ዕቃው ከተፈቀደለት ኤሌክትሪክ ውጭ ስለሠራ ዋስትናው ፈርሷል የሚል ነው። ትክክል ናቸው፤ ይህም ንዴቴን አላቀለለውም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጥገና ቤት ካፓሲተር የሚባለውን አንድ የኤሌክትሪክ ክፍል ብቻ ቀይሮ፣ «ምንም አልሆነም» ብሎ ገንዘቤን ተቀበለ። መጋዙ በሳምንቱ ዳግመኛ ጋየ። የሰፈር ሰው ጠቁሞኝ ሞተር ወደሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። መጋዙን ከማየታቸው በፊት ትራንስፎርመሩን አምጣው አሉኝ፤ ቮልት መለኪያቸውን ሲያስገቡበት 110 ይሰጣል የተባለው ዕቃ 124 አሳየ። «ልጄ፣ ሞተሩ ጥፋት የለበትም፤ የማይችለውን ነው ያበላችሁት» አሉኝ።

ከእርሳቸው የተማርኩትን እንደ ገባኝ ላስቀምጠው። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ፍጥነት ሞተር የሚፈልገው ቮልት ከኸርዙ ጋር አብሮ ይወርዳል። በ60 ኸርዝ 120 ቮልት የሚፈልግ ሞተር በ50 ኸርዝ የሚፈልገው 100 ቮልት ብቻ ነው። የእኔ በ124 ሲሠራ ከሚገባው በላይ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጭነት በሞተሩ የውስጥ ብረት ላይ ነበረ፤ ትርፉ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚያ ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,725 ምልልስ ወደ 1,440 ገደማ ስለሚወርድ የገዛ ማቀዝቀዣው ነፋስም በዚያው ልክ ይደክማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም አለ፤ ስስ አየር ሙቀትን የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ሦስቱ ተደምረው ሞተሬን ገደሉት። ጋሼ የተቃጠለውን ሽቦ በሙሉ አውጥተው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ እንደ ገና ጠቀለሉልኝ። ዛሬ መጋዙ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ አንድ ሰዓት ሠርቶም ለብ ከማለት አያልፍም።

ስለዚህ ከውጭ መጋዝ የሚያስመጣ ሰው ሁሉ የሚሰማውን «ትራንስፎርመር ግዛ» የሚል ምክር እኔ አልቀበልም። ባለ አንድ ፍጥነት ከሆነ ገና ሳይሠራ ለአገራችን ኤሌክትሪክ አስጠቅልሉት፤ ወይም ከመጀመሪያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ፍጥነቱ በማዞሪያ የሚስተካከለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ኸርዝ አያስጨንቀውም፤ እርሱንም ቢሆን በሚያውቅ ሰው አስፈትሹት።

ሞተሩ ጥገና ላይ በቈየበት አንድ ወር ተኩል፣ ቅስት ያለው የእጅ መጋዝ ይዤ ተለማመድኩ። ከማሽኑ ጋር ካሳለፍኩት ሦስት ሳምንት ይልቅ ያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ የእንጨት ጅማት የት ላይ እንደሚሰበር እጅ የሚያውቀው በዝግታ ሲቆርጡ ነው። ዳግመኛ ብጀምር ከእጅ መጋዝ እጀምራለሁ፤ ማሽን ሻጮች ግን ይህን አይነግሯችሁም።

ስለ ላማ ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ጫፉ ላይ አግዳሚ ሚስማር ያለውን ላማ ብቻ የሚቀበል መጋዝ አትግዙ። ሚስማሩ እንዲያልፍ አምስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ስለሚሆን ቀጭን ጥልፍ በዚያ አይሠራም፤ ጫፉ ልሙጥ የሆነው በሁለት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ለሚወፍር ጣውላ ቁጥር 5፣ ለስሱ ቁጥር 3 ይበቃል። ውጥረቱን በጣት እየነካችሁ አድምጡ፤ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ከፍ ያለ ድምፅ ካልሰጠ ልል ነው፤ የላላ ላማ መስመር አይጠብቅም። ላማው በተፈጥሮው ወደ አንድ ጎን ስለሚስብ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በጥቂቱ አጋድሎ መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህን ባለማወቄ ለሁለት ሳምንት እጄን ስወቅስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቈረጠ በኋላ ጣሉት፤ ላማ መቈጠብ እንጨት ማባከን ነው።

መመሪያው እንጨቱን ከላይ የሚጫነው እግር እንዳይነሣ ያዝዛል። እኔ አንሥቼዋለሁ፤ መስመሩን ይጋርዳል፣ እንጨቱንም በጠባብ ቅስት ላይ ይይዘዋል። የሚያነሣው ግን ጣውላውን በሁለት እጁ አጥብቆ ወደ ታች መጫን የለመደ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያልተጫነ እንጨት ከላማው ጋር ይዘላል። ሥዕሉን በኮላ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አትለጥፉ፤ ወረቀቱን ለመፋቅ የጠፋኝ ሰዓት ከመቁረጫው ይበልጥ ነበር። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ከሥር፣ ሥዕሉ በላዩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግልጹ የካርቶን ማሸጊያ ስኮች ሲደረግ ላማው በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ጠርዙም አይጠቁርም። ለልምምድ ዋንዛ ከሁሉ ይሻላል፤ ቀላልና ታዛዥ ነው፤ ከአናጢ ቤት ቁርጥራጩን መለመን ይቻላል። ወይራ ያምራል፤ ላማ ግን ይጨርሳል። ባሕር ዛፍ በቀጭን ጥልፍ ላይ ስለሚሰነጠቅ ተዉት። ዱቄቱ እንደ ጢስ የላመ ስለሆነ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አትቀመጡ፤ እኔ በጽድ ዱቄት አንድ ሳምንት ስስል ከርሜአለሁ።

የቀሩት ሦስት ጣውላዎች እያንዳንዳቸው አራት ቅዳሜ ወሰዱ። መግቢያ ቀዳዳዎቹን በሙሉ፣ አሮጌው ባለሙያ በበሳበት በዚያው ማዕዘን አጠገብ በሳኋቸው፤ ጠባሳዎቹም በሦስቱም ጀርባ ላይ ይታያሉ። በዚህ እኮራለሁ። ለአራተኛው ግን የቤቱ እንጨት አልነበረኝም፤ በዋንዛ ሠራሁት። በዓመቱ ለገና ስንሰበሰብ አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና የተቃጠለውንም አምጥቼ የሆነውን ነገርኳቸው። መጋዙን ያመጣልኝ ወንድሜ ሁሉም እስኪመርጥ ዝም ብሎ ቈየና የዋንዛውን አነሣ።