ጾመኛው ሽሪምፕ

ጌንት ቤልጂየም መጥቼ አኳካልቸር መማር ስጀምር እማዬ "ዓሣ ርባታ ነው አይደል?" አለችኝ፣ የለም ሽሪምፕ (ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ) ነው ብዬ ፎቶ ብልክላት "በስመአብ! ይሄን ትል ልትበላው ነው?" ብላ ስልኩን ለአባዬ አቀበለችው። አልበላውም እኮ፣ ምን እንደሚበላ ነው የምማረው 😂

እና የሽሪምፕ መኖ ውስጥ በጣም የገረመኝ የቅባቱ ነገር ነው። ሽሪምፕ እንደኛ ቀስ እያለ አያድግም። ቅርፊቱ ደረቅ ነው አይለጠጥም፣ ስለዚ በየጊዜው አውልቆ ይጥለውና ገና ለስላሳ እያለ ውሃ ስቦ ያብጣል ከዛ አዲሱ ይጠነክራል፣ እድገት ማለት ለሱ ያ ነው። "አሁን አውልቅ" የሚለው ሆርሞን ደሞ የሚሰራው ከኮሌስትሮል ነው። የኛ ጉበት ኮሌስትሮል ራሱ ያመርታል (አብዝቶ እያመረተ አይደል ሰው ክኒን የሚውጠው)፣ ሽሪምፕ ግን ከባዶ መስራት አይችልም፣ ከምግቡ ካላገኘ ቅርፊቱን መቀየር ያቅተውና ይቀጭጫል፣ ይሞታልም።

የዓሣና የስኩዊድ ዱቄት በደንብ ሲገባበት ችግር የለም፣ ኮሌስትሮሉ አብሮ ይመጣል። የዓሣ ዱቄት ሲወደድ ግን መኖ ሰሪዎቹ ወደ አኩሪ አተር ዞሩ፣ አኩሪ አተር ውስጥ ደሞ ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ለብቻው ተገዝቶ ይጨመራል። ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ከበግ ፀጉር! ሱፉ ሲታጠብ ከሚወጣው ቅባት ነው የሚጣራው። ይሄን ለእማዬ "ከሱፍ የሚወጣ ቅባት ነው የሚበሉት" ስላት "ታዲያ ጾመኞች ናቸዋ!" አለች፣ የሱፍ ፍትፍት መስሏት።

ያው ኮሌስትሮሉ ውድ ነው፣ ግን መላ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ላይ ቫናሜ የሚባለው ነጩ ሽሪምፕ መኖው ውስጥ ፎስፎሊፒድ ካልገባ 0.35% ኮሌስትሮል ሲፈልግ፣ 5% ፎስፎሊፒድ ሲገባለት 0.05% በቅቶታል። ፎስፎሊፒድ የቅባት ዓይነት ነው፣ ከአኩሪ አተር የሚገኘው ሌሲቲን ውስጥ አለ፣ ሌላውን ቅባት በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚያደርስለት በሉት።

ቅባት ስለተጨመረ ግን ዝም ብሎ አያድግም። ሳልመን የሚባለው ዓሣ መኖው 30% ቅባት ቢሆንም ይመቸዋል፣ ሽሪምፕ ከ10% ካለፈ እድገቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱን ቶሎ ስለሚያገኝ ትንሽ በልቶ ይተዋል፣ ፕሮቲኑም አብሮ ይቀርበታል፣ ትርፉ ስብ ደሞ ጉበትም ቆሽትም በሆነችው አንዲት አካሉ ላይ ይከመራል። ብዙ ጊዜ 6 እስከ 8% ይበቃዋል።

የባህሩ ሽሪምፕ ዲኤችኤ የሚባለውን የኦሜጋ 3 ቅባትም በበቂ መጠን መስራት አይችልም። ጫጩቶቹ የሚበሉት አርቴሚያ የሚባል ደቃቅ የጨው ውሃ እንስሳ ደሞ ሲፈለፈል ዲኤችኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ መጀመሪያ ለአርቴሚያው የዓሣ ዘይት በውሃ በጥብጠን እናበላዋለን፣ ከዛ እሱን ለሽሪምፑ። የምግብ ምግብ።

እማዬ አሁንም ስትደውል "ጾመኞቹ እንዴት ናቸው?" ትላለች። የዓሣ ዘይቱን አልነገርኳትም፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ ከገባን ካርዴ ያልቃል።